ነርስነቱን ከመተውሽ በፊት ዲዩቲውን ቀንሺ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር። በአንድ የክልል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ሆነሽ አራት ዓመት ሠርተሻል። «ታካሚ ሲሞት ምንም አይሰማኝም፤ አስታማሚ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ እጮህበታለሁ፤ ምንም የማልረባ ሆኛለሁ። ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ትያለሽ። አካውንቲንግ በማታ ተምረሽ ለመውጣት አስበሻል። እናትሽ «የመንግሥት ሥራ አይለቀቅም» ይላሉ። አጎትሽ ደግሞ ሳዑዲን ይመክሩሻል።

መጀመሪያ ነገር፣ ጨካኝ አልሆንሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ላይ አንቺ የጻፍሽውን «በርንአውት» (በሥራ መዛል) ብሎ አስፍሮታል። በሽታ አላለውም፤ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ «አልረባም» ማለት። ሦስቱም ደብዳቤሽ ላይ አሉ። ሙያሽን በስህተት መምረጥሽን ግን አንዱም አያሳይም።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። «የወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ስላለ የጓደኞቼንም ዲዩቲ (የአዳር ተራ) እገባለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። ዋናው ጉዳይ እኮ እሱ ነው!

ሆስፒታሉ ድርሻ የለውም አልልም። አልጋው ሙሉ ነው፣ ነርሱ ጥቂት ነው፣ የዲዩቲ ክፍያው ይዘገያል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ይዘው ነው። ይህን ብቻሽን አታስተካክይውም። ከተራሽ ውጪ የምትገቢያቸው ሌሊቶች ግን ባንቺ እጅ ናቸው።

ወንድምሽ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ የሚማረውም ባንቺ እንቅልፍ ነው። እናትሽ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ? የምትልኪው ገንዘብ ሌሊት እያደርሽ የምታገኚው መሆኑንስ? ልጅ ነርስ ሆነች ሲባል ቤተሰብ እጇ ላይ ብር ያለ ይመስለዋል። ልጅቷም አፍራ ዝም ትላለች።

ዝም አትበይ። ቁጥሩን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። ከመደበኛ ደመወዝሽ የምትችይውን ላኪ፣ ከዚያ በላይ አቁሚ። የቀረውን ወንድምሽ ሠርቶ ይሙላ፤ ካልሆነም አንድ ሴሚስተር ያቋርጥ። ይኮርፉሻል፣ ይኮርፉ። እንቅልፍ ያጣች ነርስ መድኃኒት ልትሳሳት እንደምትችል ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቀጥሎ ዋርድ ቀይሪ። ነርስነት ማለት የውስጥ ደዌ ዋርድ ብቻ አይደለም። ተመላላሽ ሕክምና አለ፣ ክትባት አለ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክትትል አለ፣ የኢንፌክሽን መከላከልና የጥራት ክፍል አለ። አብዛኞቹ የቀን ሥራ ናቸው። እኔም ከድንገተኛ ክፍል ወጥቼ የሥልጠና ክፍል ስገባ ጋዋኔን አልጣልኩም። ስድስት ወር ተኝተሽ አድረሽ ሥራውን አሁንም ከጠላሽው፣ ያኔ ስለ መልቀቅ እናወራለን። ለጊዜው አለመልቀቅሽ ላይ ከእናትሽ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን የተለየ ነው። እንዲህ ደክሞት የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው መሸሹን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም።

አካውንቲንጉ ይቆይ። ሌሊት ዋርድ የሚያድር ሰው የማታ ትምህርት መቼ ሊማር ነው? ሳዑዲም ቢሆን የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫና ፕሮሜትሪክ የሚባል የሙያ ፈቃድ ፈተና አለው፣ ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። እዚያም የሚጠብቅሽ ዋርድ ነው። የሙያ ፈቃድሽን ብቻ በጊዜው አሳድሺ።

የዝውውር ጥያቄሽን ለሜትረኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) በቃል እንዳትነግሪያት፣ በጽሑፍ አድርጊው። «ሰልችቶኛል» አትበይ፤ አራት ዓመት በአንድ ዋርድ መሥራትሽን ጠቅሰሽ በሮቴሽን እንድትዛወሪ ጠይቂ። የምትፈልጊያቸውን ሁለት ክፍሎች በስም ጥቀሺ። ግልባጩን ለሰው ኃይል አድርጊና መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ተቀበይ።