«አባቴ ሥራዬን ለእንግዳ አይናገርም»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

29 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሥራዬ ድምፅ ማበደር ነው ብል ይቀላል። ከውጭ የሚመጡ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ሲቀርቡ ከተዋናዮቹ አፍ የሚወጣው የእኛ ድምፅ ነው። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በአንድ ሰሞን ሦስት ሰው ሆኜ አውቃለሁ፤ አንዲት ክፉ አማት፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የ9 ዓመት ልጅ። አንድ ክፍል ላይ አማትየዋና ልጁ ተጣሉና ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ችግሩ ያለው ቤት ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እንግዳ ሲመጣና ስለ እኔ ሲጠየቅ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ታዲያ ምን ልበል? ፊትሽ አይታይ፣ ስምሽ አይነበብ» አለኝ።

የሚገርመው፣ አባቴ ለህንድ ፊልም ሟች ነው። በወጣትነቱ የአሰብ መስመር ሲሠራ ያደረበት ከተማ ሲኒማ ቤት ካለው ሳይገባ አይተኛም ነበር። ከቋንቋው አንድ ቃል አያውቅም፤ ዘፈኖቹን ግን ከነእንባቸው ይዟቸዋል። ደስ ሲለው «ያሁ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከሻሚ ካፑር ፊልም የቀረችበት ናት። የሰፈራችን ልጆችም «አባባ ያሁ» ነው የሚሉት።

በቅርቡ ስልኬ ላይ ዘፈኖቹን ስፈልግለት አንድ ነገር ገባኝ። የሻሚ ካፑርንም፣ የጉሩ ዱትንም፣ የሌሎቹንም ተዋናዮች ዘፈን የዘፈነው አንድ ሰው ነው፤ መሐመድ ራፊ የሚባል። እንደ እኔው የሰው ድምፅ! ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ማስረጃ ሳሳየው ግን ተቆጣ። «አንቺ ደግሞ ሁሉንም የራስሽ ሥራ አስመሰልሽው» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ የህንድ ፊልም ዘመን ሰው ስለሆኑ ነው የምጽፍልዎ። የሁሉም ድምፅ የሆነ ሰው የራሱ ድምፅ አለው? ጓደኞቼ «ማንንም መሆን ትችያለሽ፣ አንቺ ግን የቷ ነሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱ አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሳኛል። አባቴንስ እንዴት ላድርገው?

«ድምፄ ብቻ»

*

ውድ «ድምፄ ብቻ»፣

መጀመሪያ ከአባትሽ ጎን ልቁም። እኔም ተዋናዩ ራሱ ነው የሚዘፍነው ብዬ ነው ያደግኩት። እውነቱን የነገሩን ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ናቸው። ክፍሉ በሙሉ አላመናቸውም። አንዱ ልጅማ «ቲቸር ፊልም አያዩም እንዴ?» ብሎ ተነስቶ ጠየቃቸው። አባትሽ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አክተሩ አይሞትም ብሎ ያደገ ሰው፣ አክተሩ አይዘፍንም ሲባል የሆነ ነገር ከእጁ ይወሰድበታል። ሁለት ቀን ማኩረፍ ብዙ አይደለም።

አሠራሩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የእናንተን የገለበጠ ነው። እናንተ የተቀረጸ ምስል ላይ ድምፅ ትጨምራላችሁ። እነሱ ዘፈኑን ቀድመው ይቀርጹና ተዋናዩ ቀረጻ ላይ እየተከፈተለት አፉን ያንቀሳቅሳል። «ፕሌይባክ» ይሉታል። ስለዚህ ዘፋኙ የሚያየው ፊት የለውም። ገና ያልተሠራን ትወና ነው ድምፅ የሚሰጠው። ራፊም ዘፈን ሊቀረጽ ሲል በቅድሚያ የሚጠይቀው ስክሪን ላይ የሚታየው የትኛው ተዋናይ እንደሆነ ነበር ይባላል።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ የህንድ ፊልም በእኛ ሲቆጠር ይምታታብኛል።)

ሰውየው የተወለደው በ1924 ፑንጃብ ውስጥ፣ አምሪትሳር አካባቢ ባለች ኮትላ ሱልጣን ሲንግ በምትባል መንደር ነው። ልጅ ሆኖ በመንደሩ እየዘፈነ የሚለምን አንድ ፋኪር ነበር። እሱን እየተከተለ፣ እሱን እየቀዳ ነው ዘፈን የጀመረው። በኋላ ቤተሰቡ ላሆር ገብቶ የወንዶች ፀጉር ቤት ከፈተ። በ1944 ቦምቤይ መጣ። ያኔም ገና የሚቀዳው ሰው ነበረው፤ ጂ ኤም ዱራኒ የሚባል የዘመኑ ዘፋኝ። ይህን የምነግርሽ ጓደኞችሽ ሲቀልዱብሽ እንድታስታውሺው ነው። ሰው ሌላውን ሲመስል ቆይቶ ነው አንድ ቀን ራሱን የሚመስለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ፕያሳ» የሚባል የ1957 ፊልም አለ። የእኛን ፒያሳ እንዳታስቢ፤ «የተጠማው» እንደማለት ነው። ሙዚቃው የኤስ ዲ ቡርማን፣ ግጥሙ የሳሂር ሉድሂያንቪ ነው። እዚያ ላይ ጆኒ ዎከር የሚባለው ኮሜዲያን ዘይት ይዞ እየዞረ የሰው ራስ የሚያሽ ሰው ሆኖ ይሠራል። ራስህ ከዞረብህ ወደ እኔ ና እያለ ይዘፍናል። ድምፁ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፤ ቃላቱን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋቸዋል። ደንበኛ ሲጠራ ይጎትታል፣ ሲያባብል ይለሰልሳል። የእኛ ቆራሌው ሂንዲ ቢዘፍን እንደዚህ ነበር የሚሆነው።

እዚያው ፊልም መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ጉሩ ዱት አለ። ሞቷል ተብሎ መታሰቢያ የሚደረግለት ገጣሚ ነው። ሰዎቹ አዳራሽ ሞልተው ሲያወድሱት እሱ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ይታያል። ይህ ዓለም ቢገኝስ ምን ይሆናል እያለ ይጀምራል። አጀማመሩ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ ጆሮሽን ማስጠጋት ያምርሻል። ከዚያ በእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ደረጃ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ይህን ዓለም አቃጥሉት፣ ከፊቴ አንሱት ሲል አዳራሹ ይታመሳል። እኔ ስሰማው ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል።

ሁለቱም ራፊ ነው። ያው ፊልም፣ ያው ጉሮሮ። ቆራሌው ገጣሚውን አይመስልም፤ ገጣሚው ቆራሌውን አይመስልም። ሁለቱን አከታትለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚ ግን አንድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የቱ ላይ ነው የሚያስታውቀው ካልሽኝ፣ ለእኔ ከፍ ሲል ነው። ሌላው ዘፋኝ ከፍ ሲል ይጠባል። ራፊ ከፍ ሲል ይሰፋል። በ1952ቱ «ባይጁ ባውራ» ላይ እግዚአብሔርን እየተጣራ ከፍ ከፍ የሚልበት ዘፈን አለ፤ ሌላው የሚያቆምበት ቦታ ላይ ራፊ ገና መንገድ ላይ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ለሂንዱ አምላክ የሚቀርብ አንድ መዝሙርም አለ። ግጥሙን የጻፈው ሻኪል ባዳዩኒ ሙስሊም፣ ያቀናበረው ናውሻድ ሙስሊም፣ የዘመረው ራፊም ሙስሊም። ሂንዱዎቹ ዛሬም ይዘምሩታል።

ከሁሉም የምትወጂው ይመስለኛል ያልኩት ግን ይህኛውን ነው። ኪሾር ኩማር ራሱ ትልቅ ዘፋኝ ነው፤ ተዋናይም ነበር። በ1958 «ራጊኒ» በሚባል ፊልም ላይ አንድ ክላሲካል የሆነ ዘፈን ነበር። አቀናባሪው ኦ ፒ ናያር ያን ዘፈን ለራፊ ሰጠው። ስለዚህ ኪሾር ኩማር ዘፋኝ ሆኖ ሳለ ስክሪን ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ የሚሰማው የራፊ ድምፅ ነው! ዘፋኝ ለዘፋኝ ድምፅ ሲያበድር እኔ ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

ደግሞ ሻሚ ካፑር አለ፤ የአባትሽ ሰው። እሱ ዝም ብሎ አፉን የሚያንቀሳቅስ አልነበረም። ቀረጻ ቦታ ድረስ ይመጣል፣ እዚህ ጋ ልዘል ነው፣ እዚህ ጋ ልወድቅ ነው ይላል። በ1964ቱ «ካሽሚር ኪ ካሊ» ላይ አንዱን ዘፈን ሲቀርጹ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ አንድ መስመር ደጋግማ እንድትዘፈን ፈለገ። ናያር ይረዝማል ብሎ እምቢ አለ። ራፊ ነው መሀል የገባው፤ እኔ ልዝፈነው፣ ካልጣመህ ትቆርጠዋለህ አለ። ዘፈነ። ናያርም ጣመው። ሻሚ ካፑር ካረጀ በኋላ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ያወራው ነበር። ጀልባ ላይ ሆኖ የሚፈራገጥበት ያ መጨረሻ፣ ግማሹ የእሱ ነው፤ ግማሹ የራፊ። የቱ ጋ እንደሚለያዩ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«የራሱ ድምፅ አለው?» ላልሽው መልሴ ይህ ነው። ራፊ በ1980 ከሞተ በኋላ ሻቢር ኩማር፣ መሐመድ አዚዝ፣ ቆየት ብሎ ሶኑ ኒጋም መጡ። ሁሉም ሲጀምሩ «ራፊን ይመስላል» ነው የተባሉት። የሌለ ነገር አይቀዳም፣ እህቴ። የራሱ ድምፅ ባይኖረው ምኑን ነበር የሚመስሉት?

ስለ ስም ደግሞ። አባትሽ «ስምሽ አይነበብ» ያለው ቀላል ነገር አይደለም፤ ልክ ነው። እዚያም ዘፋኞቹ ዝም ተብሎ አልተሰጣቸውም። በ1949 «መሃል» የሚባለው ፊልም ዘፈን በሸክላ ሲወጣ፣ ሸክላው ላይ የዘፋኟ ስም ተብሎ የተጻፈው «ካሚኒ» ነው። ካሚኒ ፊልሙ ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት! የዘፈነችው ላታ ማንጌሽካር ናት። ፊልምፌር የሚባለው የህንድ ፊልም ሽልማት ለዘፋኞች መሰጠት የጀመረው በ1959 ነው፤ እሱም ለብዙ ዓመት ወንድና ሴት ለአንድ ዋንጫ ይሻሙ ነበር። ራፊ በጠቅላላው ስድስት ወስዷል።

እዚህ ላይ ራፊን የማልከተልበት ነገር አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላታ ዘፋኞች ከሸክላ ሽያጭ ድርሻ ይከፈላቸው ብላ ተነሳች። ራፊ አልደገፋትም። አንዴ ተከፍሎኛል፣ ሌላ የምጠይቀው የለም ባይ ነበር። ተጣሉ፤ ለዓመታት አብረው አልዘፈኑም። ደግ ሰው ነበር፣ ለጀማሪ አቀናባሪ በአንድ ሩፒ ዘፍኗል ይባላል። ደግነቱን ተማሪ፣ ይህን ግን አትማሪ። ላታ ልክ ነበረች። ውልሽ ላይ ስምሽ መጨረሻ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። ድራማው በድጋሚ ሲታይ ምን ታገኛለሽ? እሱንም ጠይቂ። እምቢ ቢሉሽ እንኳ ጠይቀሽ እምቢ ይበሉሽ።

ፊቱ የማይታይ ሰው በቀላሉ ሊተካ እንደሚችልም ልደብቅሽ አልችልም። በ1969 «አራድና» ወጣ። ራፊ እዚያ ላይ ሁለት ዘፈን አለው፤ ሕዝቡን ያሳበደው ግን የኪሾር ኩማር ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ጥሪ ቀዘቀዘበት። እሱ ግን መዝፈኑን አላቆመም። በ1977 አንድ የከዳች ፍቅር ዘፈን ዘፍኖ የፊልምፌሩንም የመንግሥቱንም ሽልማት ወሰደ። ሲሞት 55 ዓመቱ ነበር፤ ለቀብሩ ቦምቤይ በዝናብ ውስጥ ግልብጥ ብላ ወጣች። ሻሚ ካፑር ያን ቀን ከከተማ ውጭ ነበር። እሱ ራሱ ሲያወራው፣ አንድ የማያውቀው ሰው ወደ እሱ መጥቶ «ድምፅዎ ሄደ» አለው። መርዶውን የሰማው እንደዚያ ነው።

ይህን ለአባትሽ ንገሪው። ክርክርሽን አቁሚና ይህን ብቻ ንገሪው። አንቺ ያቀረብሽለት ሻሚ ካፑር አታሏል በሚል ነበር። የሻሚ ካፑር ሐዘን ከሆነ ግን አባትሽ ያዳምጣል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቡና ይፈላ። ስልክሽን ገልብጠሽ አስቀምጪና ምስል ሳይታይ ሁለቱን የ«ፕያሳ» ዘፈኖች አሰሚው። ስንት ሰው ነው የዘፈነው በይው። ሁለት ካለ ድገሚለት። የሹፌር ጆሮ አይናቅም፤ ሞተር ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሲገባው አትሳቂበት። በሚቀጥለው ቀን ያንቺ ድራማ ሲጀምር ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ይቀመጥ። ከሚሰማቸው ሰዎች ውስጥ ልጁ የትኞቹ እንደሆነች ይለይ። አማትየዋን ካወቀ ግማሽ፣ የ9 ዓመቱን ልጅ ካወቀ ሙሉ ነጥብ ስጪው። ለእንግዳ የሚያወራው ነገር ያኔ ያገኛል። እስከ ዛሬ «ቢሮ» የሚለው ያፈረብሽ አይመስለኝም፤ ሥራሽን የሚጠራበት ቃል አጥቶ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ያቺ «ያሁ!» የምትለዋ ጩኸት፣ በ1961 «ጃንግሊ» ላይ ያለችው፣ የሻሚ ካፑር አይደለችም፤ የራፊም አይደለችም። ዘፈኑ የራፊ ነው፤ ጩኸቷ ግን የሌላ ሰው ናት፤ ፕራያግ ራጅ የሚባል። ይህችን ለአባባ ያሁ እስከ ፋሲካ አትንገሪያቸው።