አምፕሊፋየሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይንቀሉ

ጥያቄው የመጣው ከቡሬ፣ ከአንድ የፊዚክስ መምህር ነው። የሩቅ መብረቅን በሬዲዮ ሞገድ ለተማሪዎቻቸው ሊያሰሙ አስበው፣ ከእንጨት በተሠራ መስቀል ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሽቦ ጠቅልለው፣ በአነስተኛ አምፕሊፋየር በኩል ላፕቶፕ ላይ ሰክተዋል። የሚሰማቸው ግን እንደ ንብ ቀፎ «እምምም» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። «የበለጠ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ልግዛ?» ይላሉ።

አይግዙ፣ መምህር። የሚሰሙት የመብራት መስመሩን ነው። 50 ኸርዝ ነው፤ 100፣ 150፣ 200 እያለ ብዜቱም ይከተለዋል። አምፕሊፋየር ሲጨምሩ እሱም አብሮ ይጎላል፤ የላፕቶፑ መግቢያ ከአቅሙ በላይ ይሞላና የመብረቁ ምት ይዋጣል። አንዴ እንዲህ ተበላሽቶ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ በኋላ በምንም ፊልተር አይመለስም።

ስለዚህ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ይሥሩ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሱቄ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አምፕሊፋየር ስፈታ ስገጥም ሰንብቼ፣ ረባሹ ከጠረጴዛዬ በላይ የተሰቀለው አምፖል ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ከቤትና ከምሰሶ ርቀው ሜዳ ላይ ይውጡ። ጥቅልሉን አቁመው ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ «እምምም» የሚለው ድምፅ በጣም የሚደክምበት አቅጣጫ አለ። የቀረውን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን በመቁረጥ ያጠሩታል። መብረቅ ጎልቶ የሚሰማው ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም።

ያኔ ፈንድሻ ሲፈነዳ ዓይነት ድምፅ ይሰማሉ። ነጎድጓድ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ይህ የሬዲዮ ሞገድ ግን በምድርና በአዮኖስፌር (ከላይ ባለው፣ የሬዲዮ ሞገድን በሚመልሰው የከባቢ አየር ንብርብር) መካከል እንደ ኮሪደር እየተመራ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል። ከመሸ በኋላም ይሞክሩት። ቀን 70 ኪሎ ሜትር ግድም የነበረው የኮሪደሩ ጣሪያ ሌሊት ወደ 85 ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ምት ደርቆ በመሰማት ፈንታ «ጢው» ብሎ ይወርዳል። ዝቅተኛው ድግግሞሽ በዚያ ኮሪደር ውስጥ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው፤ ውርዱም 1.7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያበቃል። እኔ ይህን ድምፅ ስንት ጊዜ ብሰማው አልጠግበውም።

አቅጣጫውን ለማወቅ ጥቅልሉን ያዙሩ፤ ምቱ የሚጎላው ጠርዙ ወደ መብረቁ ሲያይ ነው። ከፊት ይሁን ከኋላ ግን አይለይም። እርስዎ ከቡሬ፣ እኔ ከዚህ ለክተን መስመሮቹን ካርታ ላይ ብናገናኛቸው ለጣና ዙሪያ ዝናብ ይበቃናል፤ ለኮንጎ መብረቅ ግን ሁለታችን በጣም ተቀራርበናል።

ክረምት ላይ ደመናው የቾቄን ተራራ ካለበሰ ሥራውን ያቁሙ። ብልጭታው ከታየ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ግን እስከዚያ አይጠብቁ። ገና ነጎድጓድ ሲሰሙ ተማሪዎቹን ይዘው ቤት ይግቡ፤ ሽቦው ሜዳ ላይ ይቅር።