ጾሙን ከጥናት ቡድን ጋር

እህቴ፣ «ዐቢይ ጾምን ብቻዬን እጀምርና መሐል ላይ እዝላለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን የጥናት ቡድን ብገባ ይጠቅመኛል?» ላልሽው፣ አዎ፣ በጣም። እኔንም ያቆመኝ እሱ ነው።

ቡድኑ ከ10 ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሲበዛ ዝምተኛው እንደ ዝምታው ይቀራል። በሳምንት አንዴ መገናኘት ይበቃል። ብዙ ምዕራፍ ለመጨረስም አትሩጡ። እኛ አንድ ምሽት ኢሳይያስ 58ን ብቻ ነበር ያነበብነው። እየተጣሉ ስለ መጾም የሚናገረው ቁጥር 4 ላይ ስንደርስ፣ አንዲት እናት መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አሳረፉና «እኔ ጎረቤቴን ካኮረፍኩ ሁለት ዓመቴ» አሉ። ማንም ምክር አልሰጠም። አብረን ጸለይን፣ በቃ። በሳምንቱ ሄደው በሯን አንኳኩ። ይሄ ብቻዬን ሳነብ አይገጥመኝም ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ እዚያ የተነገረ እዚያው ይቅር። «አንተ ምን ተውክ፣ አንቺስ?» እየተባባሉ መጠያየቅም አይበጅም። ጾም በስውር እንዲሆን ማቴዎስ 6 ላይ ተነግሮናል። የታመመ ወይም መጾም ያልቻለ ሰው ካለ ደግሞ፣ እሱንም በእኩል ተቀበሉት።

ለመጀመሪያው ቀን ጌታ 40 ቀን የጾመበትን ማቴዎስ 4ን አንብበሽ ሂጂ። ባይገባሽም ችግር የለም፣ ጥያቄሽን ይዘሽ ግቢ።