ዲግሪ ይዤ ኬሚካል መጋዘን ልግባ?

ውድ እህቴ፣ በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ እንዳገኘሽ ጽፈሽልኛል። አንዱ ባቱ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ ሴፍቲ ኦፊሰርነት፣ ሌላው መንግሥት ቤት የፀረ ተባይ ቁጥጥር። አባትሽ «ዲግሪ ይዘሽ ከመርዝ ረጪ ጋር ልትውዪ ነው?» ብለዋል። ያንቺም ልብ ወደ ቢሮው አድልቷል፤ ሥልጣኑ እዚያ ነው ብለሽ።

ሥልጣኑስ አለ። የፀረ ተባይ ሕጉ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግን ግሪንሃውስ ውሎ የማያውቅ ተቆጣጣሪ የሚያየው የሚያሳዩትን ነው። ፋይሉ መቼም ጎድሎ አያውቅም! እርሻውን የሚያውቅ ሰው የርጭቱን መዝገብ አበባው ከተቆረጠበት መዝገብ ጋር ያስተያያል። እስከ ማግስቱ ሰው የማይገባበት ኬሚካል ጠዋት ተረጭቶ፣ ከሰዓት አበባ ተቆርጦ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል። ቱታው የት እንደሚታጠብ ይጠይቃል። ረጪው ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ልብስ ጋር ከዘፈዘፈው ጓንትና ጭንብል መታደሉ ምን ይረባል? ባዶው ጄሪካን ሦስቴ ታጥቦ ተበስቷል ወይስ ውሃ መቅጃ ሆኖ ገበያ ወጥቷል? ኦርጋኖፎስፌት የሚባለውን ነርቭ የሚጎዳ ፀረ ተባይ የሚረጩት ሠራተኞች ሥራ ሳይጀምሩ ደማቸው ተመርምሯል? የበፊቱ ውጤት ከሌለ የአሁኑ ከምን ጋር ሊወዳደር ነው?

ይህን ሁሉ ያየሁት መጋዘን ውስጥ ስሠራ ነው። ወደ ቁጥጥር የተሻገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሁለት ዓመት እርሻው ላይ ሥሪ እላለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ርጭት የማስቆም መብት አለኝ? ተጠሪነትሽ ለምርት ኃላፊው ከሆነና መልሱም «እናያለን» ከሆነ፣ ይቅርብሽ።

አባትሽን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ነውሩ ረጪው ሲታመም ዝም ማለት ነው እንጂ አብሮት መዋል አይደለም። ቤተሰብሽ ካንቺ የሚጠብቀውን የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ ደግሞ ከጀማሪ ደሞዝ ላይ መሸፈን አትችዪም። ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ስድስት ወር ተበድረሽ ከከፈልሽ በኋላ አይደለም።

ማስተርስ ልማር ወይ ላልሽው፣ እሱ ይደርሳል።

ሥራውን ከያዝሽ መጀመሪያ መጋዘኑን ቁጠሪ። አገራችን በ1990ዎቹ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ፊንላንድ ድረስ ጭና ያስቃጠለችው፣ ሳይወገድ እየተከማቸ ስለከረመ ነው። መለያው ላይ ቀይ መስመር ያለበት እጅግ አደገኛው ነው። እሱን ለብቻው ቁጠሪና ማን ፈርሞ እንዳወጣው መዝግቢ።