መልስ፦ በአንድ ወታደር ተበልጫለሁ፣ ይህን የቼዝ ጨዋታ አቻ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ እጅ እንዳትሰጥ። ባስቀመጥከው አቋም ንጉሥህ ኢ8፣ ሩክህ (ግንብ መሳዩ ቁራጭ) ኤ6 ላይ ናቸው፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ አግድም መስመሩን ያሳያል። የተጋጣሚህ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ሩኩ ኤች7። ተራው ያንተ ነው። ፈረንሳዊው የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር በ1777 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው መከላከያ ይኸው ነው።

1. ሩክህን ከ6ኛው መስመር አታንሳ። አሁን ቢ6 ተጫወት፣ ቀጥሎ ወደ ኤ6 ተመለስ። የእሱ ንጉሥ ያንን መስመር አያልፍም። ሲ6 ላይ ግን አትቁም፣ ሩክህ በእሱ ንጉሥ ይበላል።

2. በሩኩ ኤች8 ላይ ቼክ ካለህ (ንጉሥህን ካጠቃ) ንጉሥህን ወደ ኢ7 አውጣ። ቼኩን ከደገመ ኢ8 ተመለስ። ያው አቋም 3 ጊዜ ሲደጋገም አቻ ጠይቅ።

3. ወታደሩን ወደ ኢ6 ሲገፋው፣ ያኔ ሩክህን እስከ 1ኛው መስመር አውርድና ከኋላ ቼክ በቼክ አድርገው። የንጉሡ መደበቂያ ኢ6 ነበር፤ አሁን የገዛ ወታደሩ ይዞበታል።

አደራ፣ ቀድመህ እንዳትወርድ። እኔም ለአንድ እርምጃ 3 ቀን በሚሰጥ የርቀት ጨዋታ እንዲህ ያለ አቋም ነበረኝ። ለሳምንታት ሩኬን ወዲያ ወዲህ ሳደርግ ሰለቸኝ። አንድ ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ወታደሩ ገና ኢ5 ላይ እያለ፣ በስልኬ ኤ1 ነካሁ። የተጋጣሚዬ ንጉሥ ኢ6 ገባ፣ ወታደሩም ከኋላ ከለለው። አቻውን ጨዋታ ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ አቋሙን በእንጨት ሰሌዳዬ ላይ ደርድሬ ሳላየው እርምጃ አልክም።