ለጋራዥ ልጆች፦ የናፍጣ ኮምፕሬሽን ጌጅ ስትገዙ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ የመጀመሪያዋ ደመወዝ እጃችሁ ስትገባ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ጥሩ መፍቻ ትገዛላችሁ። ይበል ነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚለካው ኮምፕሬሽን ጌጅ ላይ ስትደርሱ ግን ርካሹን ታነሣላችሁ። በዚያ ጌጅ ቁጥር እኮ ነው የሰው ሞተር የሚወርደው።

መጀመሪያ ሰሌዳውን እዩ። የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ ጌጁም 20 ባር አካባቢ ያበቃል። ናፍጣ ከ20 አልፎ እስከ 35 ስለሚሄድ የቤንዚኑን ጌጅ ያበላሸዋል። ገበያ ላይ የሚበዛው እስከ 70 ባር የሚያነበው ነው። እኔ 40 ላይ የሚያበቃውን እመርጣለሁ፤ ሰሌዳው ላይ 1.6 የሚል የጥራት ቁጥር ካለ ስህተቱ የሚሰላው ከሙሉው ልክ ነዋ። በ70ው ላይ ከ1 ባር በላይ ይሳሳታል፣ በ40ው ላይ ከ0.7 በታች።

ቀጥሎ አየሩን ይዛ የምታስቀረዋን ትንሽ ቫልቭ ፈልጉ። ሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ መሆን አለባት። 2.5 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር፣ ኮምፕሬሽኑ 20 ለ1 የሆነ (አየሩን ወደ ሃያኛ ቦታው የሚጨምቅ) ሞተር ብትወስዱ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 33 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። ቫልቯ ከጌጁ የጎማ ቱቦ ወዲያኛው ጫፍ ከሆነች የቱቦው ባዶ ቦታ በዚያ ላይ ይደመርና ጤነኛው ሞተር ደካማ መስሎ ይታያል። በእጅ ተጭነው የሚይዙት ባለ ጎማ ጫፍ ለናፍጣ አይሆንም፤ በማሞቂያው ካንዴላ ወይም በኢንጄክተሩ ቀዳዳ የሚታሰር፣ ጥርሱ የገጠመ አዳፕተር ነው የሚያስፈልገው። ደጋግማችሁ የምትይዙት ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ ከሆነ የእነሱ አዳፕተር መኖሩን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ነገር። የፋብሪካው መጽሐፍ ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 30 ባር የሚሰጥ ሞተር ቃሊቲ ሲደርስ 22 ወይም 23 ይሰጣል፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም። መጽሐፉ «ከ25 በታች ከሆነ ይፈታ» ብሎ እናንተም ቃል በቃል ካመናችሁት የደህና ሰው ሞተር ታወርዳላችሁ። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት የማየው። ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 15 ከሆነ ነገር አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለውን የቴስታታ ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ክዳን ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። መርፌው በመጀመሪያው ምት ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ ከወጣ ብዙ ጊዜ የፒስተን ቀለበት ነው፤ ዝቅ ብሎ እዚያው ከቀረ የሞተሩ ቫልቭ። የመርፌውን አካሄድ ቁጥር ብቻ የሚጽፈው ዲጂታል አያሳያችሁም፤ እኔ ባለ መርፌውን አልለቅም።

ጌጁ ምንም ጥሩ ቢሆን ባትሪው ከደከመ ዋጋ የለውም። ሞተሩ ይሙቅ፣ የሁሉም ሲሊንደር ካንዴላ ይውጣ፣ የናፍጣ መዝጊያው ሽቦ ይነቀል። ቀለበቱን ለመለየት ቤንዚን ላይ እንደለመዳችሁት ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት አታንጠባጥቡ፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ዘይቱ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ሊነድም ይችላል።

ኮመን ሬይል፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ለኢንጄክተሮቹ የሚያከፋፍል ሞተር፣ ሲመጣ ደግሞ ይህን ጌጅ ከከፍተኛ ግፊቱ መስመር አርቁ። እዚያ ያለው ግፊት 1,600 ባርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ ስካነር ነው የሚነበበው። የሚያፈስ ቱቦ በጣት አይፈተሽም፣ ካርቶን አስጠጉ። ናፍጣው ቆዳ ሰብሮ ከገባ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ፣ በከፍተኛ ግፊት የገባ ናፍጣ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩት።