ሹሩባ ከተፈታ በኋላ ሥሩ ላይ የሚቀረውን ቅባት በምን ላጽዳ ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጉዳይ የጻፍሽው መሰለኝ። ሹሩባው ሲፈታ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ አገኘሽው፤ ብትታጠቢውም ጸጉርሽ ይከብዳል፣ ይጣበቃል፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ሻምፖ ደግሞ ዋጋው አልቀመስ ብሎሻል። «ርካሽ ሆኖ ጸጉር የማይጎዳ መላ የምታውቁ?» ብለሻል። አውቃለሁ። ገንዘብም ጸጉርም ከፍዬ ያወቅሁት ስለሆነ አንቺ ደግመሽ እንዳትከፍዪ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

1. በመጀመሪያ ሥሩ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለዪ። እንደ እኔ ከሆንሽ ተደራርቦብሻል፤ ሹሩባ ሠሪዋ የለቀለቀችው ጄልና ቫዝሊን፣ በላዩ በየጊዜው የምትቀቢው ቅባት፣ ከዚያ የውሃው ማዕድን። ቫዝሊን በውሃ አይሟሟም፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ብታፈሺበት ንቅንቅ አይልም። የምትቀቢውን ቅባት ዕቃ ገልብጠሽ አንብቢ። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ፔትሮላተም ወይም ሚኒራል ኦይል ከተጻፈ የምትቀቢው ያው ቫዝሊን ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። እናቶቻችን የሚቀቡት ለጋ ቅቤ ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ በሰውነት ሙቀት ስለሚቀልጥ ለብ ያለ ውሃና ሻምፖ ሲያገኝ ይለቃል።

የውሃውን ነገር ለማወቅ ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ክዳን ከፍተሽ ታቹን ተመልከቺ። እኔ ያለሁት የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ በሚደርሰው የአዲስ አበባ ክፍል ነው፤ ማንቆርቆሪያዬ በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ያ ቅርፊት የካልሲየምና የማግኒዢየም ማዕድን ነው፤ ጸጉር ላይም ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ውሃ በገላ ሳሙና ጸጉርሽን ከታጠብሽ ሳሙናው ከማዕድኑ ጋር ተያይዞ ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ስለዚህ ለጸጉር ሳሙና ተዪ።

2. በቤኪንግ ሶዳ የሚያጥብሽ ካለ ተነሥተሽ ውጪ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስሟን የማልጠራት አንድ ጸጉር ቤት «ሥር ድረስ የሚያጸዳ ልዩ ትሪትመንት አለን» አለችኝ። ዋጋው ሹሩባውን ከሠራሁበት በላይ ነበር። ነጭ የተቦካ ነገር አምጥታ ጭንቅላቴን ታሸኝ ጀመር፤ በላዩ ሎሚ ጨመቀችበት። «ያቃጥለኛል» ስላት «ማቃጠሉ እየሠራ ነው ማለት ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ካስክ ውስጥ አስገባችኝ። ስወጣ ጸጉሬ ቃጫ ሆኗል። ማበጠሪያው ውስጥ ሲበጠስ እያየች «ድሮም የሞተ ነው፣ መቆረጥ አለበት» አለችና መቀስ አነሣች። የቆረጠችበትንም ለብቻው አስከፈለችኝ! ምን እንደቀባችኝ ስጠይቃት «የቤቱ ምስጢር ነው» አለች፤ ምስጢሩ ግን መታጠቢያው ሥር ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተቀዶ ተጥሎ ነበር፤ ለዳቦና ለኬክ የምንገዛው ቤኪንግ ሶዳ። ቅሬታዬን ለጸጉር ቤቱ ባለቤት ሳቀርብ ደንበኞች ፊት «ጸጉር አያያዝ የማታውቂ» ተባልኩ።

ምክንያቱን ኋላ አነበብኩ። የራስ ቆዳ በተፈጥሮው ለስላሳ አሲድነት አለው፤ በአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 5.5 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል። ቤኪንግ ሶዳ ከ8 በላይ ስለሆነ የጸጉሩን ሽፋን ያነሣዋል፤ የተነሣ ሽፋን ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይበጠሳል። ንጹሕ ሎሚ ወደ 2 ይወርዳል፤ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከመታው ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱን ተራ በተራ ማፍሰስ ጽዳት አይደለም። የዕቃ ማጠቢያ ላርጎም እንዲሁ፤ ቅባቱን ያወጣል፣ የቆዳሽንም ወዝ ጠራርጎ ይወስዳል።

3. እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሹሩባው እንደተፈታ፣ ውሃ ሳይነካው፣ የተጋገረውን በጣቴ ቀስ ብዬ አላቅቃለሁ። ከዚያ በደረቁ ጸጉር ላይ ርካሽ ኮንዲሽነር አብዝቼ እቀባና የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አቆየዋለሁ። ኮንዲሽነር ቅባትን ከውሃ ጋር የማስማማት ጠባይ ስላለው ቫዝሊኑን ያላላዋል። ጸጉሬን በአራት ከፍዬ እይዛለሁ፤ ማንኛውንም ተራ ሻምፖ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ አቅጥኜ በሥሩ በሥሩ አፈስሳለሁ። ጥፍር የለም፣ በጣት ጫፍ ብቻ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን።

የመጀመሪያው አረፋ ግራጫ ሆኖ ወዲያው ይጠፋል። ሻምፖው መጥፎ ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ ቅባቱ እየበላው ነው። አለቅልቂና ድገሚ። በሁለተኛው አረፋው ነጭ ሆኖ ከቆመ ቅባቱ ወጥቷል፤ ሦስተኛ አያስፈልግሽም። ሻምፖ ስትገዪ ስሙን ሳይሆን ጀርባውን እዪ፤ ኢ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኤ የሚሉት አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት የውሃውን ማዕድን ለመያዝም ያግዛል። ብዙ ርካሽ ሻምፖዎች ላይ አለ።

ለማዕድኑ አቼቶ በቂ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ፣ ከሻምፖ በኋላ አፍስሰሽ ትንሽ ቆይተሽ አለቅልቂ። ቆዳሽ ከቆሰለ ተዪው። አቼቶ ቅባት አያወጣም፤ «አቼቶ ብቻ ይበቃል» የሚሉሽን አትስሚ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ፣ ዝቃጩን ከታች ትቼ ነው የምጠቀመው፤ ማዕድኑ ከፊሉ ማሰሮው ላይ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ ንጹሕ የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ። እናቴ የዝናብ ውሃ ስታስቀምጥልን እውነቷን ነበር፤ ከዚያ የለሰለሰ ውሃ የለም።

ቅጠል ከወደድሽ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት አለ፤ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ቀሲል ይሉታል፣ ከዓረብ አገር የመጡ እህቶች ሲድር በሚለው ስሙ ያውቁታል። በለብታ ውሃ ሲመታ የራሱ አረፋ አለው፣ ለቆዳም ገር ነው። በነጠላ ጨርቅ አጥልዪው፤ አለዚያ ፍርፋሪውን ስትለቅሚ ትውያለሽ። ለቅቤና ለቀላል ዘይት ይበቃል፣ ለቫዝሊን ግን አቅም ያንሰዋል። እንዶድን ለጸጉር የምትመክር ካለች እምቢ በዪ፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣ ሲሞት ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ በየሳምንቱ አታድርጊው። እኔ ሹሩባ ስፈታ ብቻ ነው የማደርገው፤ ከዚያ በኋላ ኮንዲሽነር አይቀርም። ታጥበሽ በቀናት ውስጥ የሚያሳክክ ቢጫ ቅርፊት ከተመለሰ ግን ፎረፎር ሳይሆን አይቀርም፤ ፋርማሲ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ጠይቂ። ጸጉሩ በክብ እየተመለጠ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ጸጉሬ ዛሬ ትከሻዬን አልፏል፤ ያቺ «የሞተ ነው» ያለችው ጸጉር ነው። ሹሩባ ሠሪዬ ምን እንደምቀባ ስትጠይቀኝ ሳልሰስት ነገርኳት። አሁን ስትሠራኝ ቫዝሊኑን ከጎኗ አታስቀምጥም፤ ጣቷን በትንሽ ዘይት እያስነካች ነው የምትጎነጉነው። አንቺም ሳትቀመጪ በፊት ለሠሪሽ ንገሪያት፤ ከተጀመረ በኋላ አይሰሙም።